ካርታው ላይ ሰፊ ቦታ ሁሌ ብዙ ሰው ማለት አይደለም

የኢትዮጵያን ካርታ በስልካችሁ ክፈቱና አዲስ አበባን ፈልጉ። ካላጎላችሁት ነጥብ ናት። አፋርን ግን ሳትፈልጉት ታገኙታላችሁ፤ ሰሜን ምሥራቁን ይዞታል። በመሬት ስፋት አፋር አዲስ አበባን ከ100 እጥፍ በላይ ይበልጣል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ግን አፋር ውስጥ የተቆጠረው 1.4 ሚሊዮን ገደማ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበር።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ካርታ ላይ ቀለም ሲቀባ ዓይናችን የሚያየው መሬቱን እንጂ ሰዉን አይደለም። ምርጫን እንውሰድ። ለ2013ቱ ምርጫ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ 547 ነበር። ከነዚህ የአዲስ አበባ 23፣ የሶማሌ ክልልም 23፣ የአፋር 8 ነው። ውጤቱን በተለመደው ካርታ ብትቀቡት ሶማሌ ክልል ምሥራቁን ሁሉ ይሸፍናል፤ እኩል መቀመጫ ያላት አዲስ አበባ ግን ጭራሽ አትታይም።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ካርቶግራም ይባላል። እዚህ የአንድ ቦታ መጠን የሚወሰነው በመሬቱ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ኤርዊን ራይዝ የተባለ የካርታ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1934 በአራት ማዕዘን የሚሠራበትን መንገድ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ጋስትነርና ኒውማን ከፊዚክስ ስሌት ተዋሱ፦ ሽቶ ከተረጨበት ተነሥቶ ቤቱን እኩል እስኪሞላ እንደሚሰራጭ፣ ሰው የበዛበት ቦታም እየሰፋ ይሄዳል። ለምርጫ ግን ቀላሉ ዘዴ ለአንድ መቀመጫ አንድ ካሬ መሳል ነው። ያኔ አዲስ አበባ 23 ካሬ፣ አፋር 8 ካሬ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ታይል ግሪድ ነው። ሁሉም ክልል እንደ ወለል ሴራሚክ እኩል አንድ ካሬ ያገኛል። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ በመቶኛ ስንት ነው የሚለውን ለማወዳደር ይመቻል፤ ሐረሪም እንደ ኦሮሚያ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

በስልካችሁ ጉግል ሺትስ ላይ መሥራት ትችላላችሁ። 12 ክልልና 2 ከተማ አስተዳደር ስላለ 14 ካሬ ያስፈልጋል። በአራት ዓምድ ከላይ ወደ ታች እንዲህ ደርድሩ፦

1. ትግራይ (ሁለተኛው ዓምድ ላይ)
2. አማራ፣ አፋር፣ ድሬዳዋ (ከሁለተኛው ዓምድ ጀምሮ)
3. ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ አዲስ አበባ፣ ኦሮሚያ፣ ሐረሪ
4. ጋምቤላ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ሲዳማ፣ ሶማሌ
5. ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ

ከዚያ ቁጥሩ ከፍ ያለበትን ደመቅ፣ ዝቅ ያለበትን ፈዘዝ አድርጋችሁ ቀቡ።

ግን ይሄም ዋጋ ያስከፍላል። ድርድሩ ላይ ትግራይና አፋር በጎን አይነካኩም፤ መሬት ላይ ግን ይዋሰናሉ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አንድ ካሬ አንድ ቀለም ብቻ መያዙ ነው። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጡ አዋሽ ፈንታሌንና ዱለቻን ሲንጥ አዋሽ ሰባት ኪሎ እዚያው አጠገብ ነበረች። ሰመራ ግን በመንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የአፋርን ካሬ በሙሉ ቀይ ብትቀቡት ሰመራ ዘመድ ያለው በከንቱ ይደነግጣል፤ መርዳት የፈለገውም የት እንደሚሄድ አያውቅም። ለእንዲህ ያለ ነገር የሚያስፈልገው ወረዳው የሚታይበት የተለመደው ካርታ ነው።

ስለዚህ አደጋው የት ደረሰ ከሆነ ጥያቄው፣ የመሬት ካርታ። ስንት ሰው ወይም ስንት መቀመጫ ከሆነ፣ ካርቶግራም። ክልሎችን እኩል ለማወዳደር ከሆነ፣ ታይል ግሪድ። ቀለም የተቀባ ካርታ ፊታችሁ ሲመጣም ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ይሄን ጠይቁ፦ እዚህ የተቆጠረው መሬት ነው ወይስ ሰው?