መሃሉ የማን ነው? የሴቶች ጥንድ ቴኒስ ከአሰልጣኝ ዓይን

የሴቶች ጥንድ በሜዳ ቴኒስ ሁለት ለሁለት የሚደረግ ግጥሚያ ነው። የሜዳው ርዝመት እንደ ነጠላው 23.77 ሜትር ሲሆን ወርዱ ከ8.23 ወደ 10.97 ሜትር ይሰፋል። ወርዱ በሲሶ ሲጨምር ተጫዋቹ ግን እጥፍ ስለሚሆን፣ አንዷ የምትጠብቀው ወርድ በነጠላ ከምትጠብቀው ያነሰ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ በጥንድ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው በጠርዙ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ነው። እያንዳንዷ «እሷ ትመታዋለች» ብላ የምትተወው ኳስ ሳይነካ ያልፋል። መረቡም ምሰሶው ዘንድ 1.07 ሜትር ሆኖ መሃል ላይ ወደ 91.4 ሴንቲሜትር ዝቅ ስለሚል፣ ተጋጣሚዎች በአነስተኛ ስጋት ኳስ የሚያሳልፉት በዚያው ነው።

ስለዚህ የጥንድ ሥልጠና መጀመሪያ የመሃሉን ባለቤት መወሰን ነው። የተለመደው ስምምነት ሦስት ነገር ይይዛል። ሁለቱም ቀኝ እጅ ከሆኑ፣ የፊት እጅ ምቷ ወደ መሃል የሚወድቅላት በግራ በኩል የቆመችው ስለሆነች ቅድሚያ ለእሷ ይሰጣል። አንዷ ወደ መረቡ ቀርባ ሌላዋ ወደ ኋላ ከቀረች፣ የቀረበችው ትቀድማለች። ሎብ (ከፍ ተደርጎ የሚመታ ኳስ) ከሁለቱ ራስ በላይ ሲያልፍ ደግሞ ቀድማ ያየችው ትጣራለች፤ ጥሪውም «የኔ!» ወይም «ያንቺ!» ከማለት አይረዝምም።

ሰርቪስ አራቱ ተጫዋቾች በየተራ ይመታሉ። ተራውም ሆነ ሰርቪስ የሚመለስበት ጎን አንድ ሰት እስኪያልቅ አይለወጥም። ከእያንዳንዱ ነጥብ በፊት መረቡ አጠገብ የቆመችው የሰርቪስ መቺዋ ጓደኛ እጇን ወደ ጀርባዋ ታዞራለች፤ ከኋላ ያለችው ብቻ ታየዋለች። በብዙ ጥንዶች ዘንድ የተጨበጠ እጅ «ባለሁበት እቆያለሁ»፣ የተዘረጋ መዳፍ «መሃሉን አቋርጬ እሄዳለሁ» ማለት ነው፤ ጣቶቹ ደግሞ ሰርቪሱ ወዴት እንዲወድቅ ያመለክታሉ። ከኋላ ያለችው «እሺ» ብላ ኳሱን ወደ ላይ ትጥላለች። ጓደኛዋ ካቋረጠች፣ ሰርቪስ የመታችው የተለቀቀውን ጎን ለመሸፈን ወዲያው መሮጥ አለባት። ጀማሪዎች ይህን ሩጫ ይረሱታል፤ መረቡ ላይ ያለችው ደፍራ ስትሄድ ከኋላዋ ግማሽ ሜዳ ባዶ ይቀራል። ከውጭ የሚያይ ሰው ጥፋቱን ያቋረጠችው ላይ ያደርገዋል፤ አሰልጣኝ ግን የሚያርመው ያልሮጠችውን ነው።

በሴቶች ቴኒስ ማኅበር የዓመቱ ዙር ውድድሮች የጥንድ ግጥሚያ አጭር ነው። ጌሙ 40 እኩል ሲሆን አንድ ነጥብ ብቻ ይለያል፤ ሰርቪሱን በየትኛው ጎን እንደሚቀበሉ የሚመርጡትም ተቀባዮቹ ናቸው። አንድ ለአንድ ሰት ከወጡ ሦስተኛው ሰት ቀርቶ 10 ነጥብ የሚደርስ ታይ ብሬክ ይደረጋል፤ ማሸነፊያውም የ2 ነጥብ ልዩነት ነው። በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ግን ሦስተኛው ሰት ሙሉ ነው፤ 64 ጥንድ ስለሚሰለፍ ዋንጫው ስድስት ድል ይጠይቃል። ጥንዶች የሚገቡት የሁለቱ ደረጃ ተደምሮ ስለሆነ፣ በነጠላ ስመ ጥር የሆኑ ሁለት ተጫዋቾች አብረው ሳይሠለጥኑም ሊመዘገቡ ይችላሉ። አጭሩ ግጥሚያ ለመላመድ ጊዜ አይሰጥም፤ በምልክትና በጥሪ አስቀድሞ ያልተስማማ ጥንድ ሲግባባ ጨዋታው አልቋል።

አብሮ የመቆየት ዋጋ በታሪክም ይታያል። ማርቲና ናቭራቲሎቫና ፓም ሽራይቨር ከ1983 እስከ 1985 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 109 ግጥሚያ በተከታታይ አሸንፈዋል፤ በጥንድነትም 20 የታላላቅ ውድድር ዋንጫ አላቸው። እህትማማቾቹ ቬነስና ሴሬና ዊሊያምስ በታላላቅ ውድድሮች 14 ጊዜ ለጥንድ ፍጻሜ ደርሰው 14ቱንም ወስደዋል፤ በኦሎምፒክም በ2000፣ በ2008 እና በ2012 ወርቅ አግኝተዋል። ከአፍሪካ ዚምባብዌያዊቷ ካራ ብላክ ደቡብ አፍሪካ ከተወለደችው ሊዝል ሁበር ጋር በ2005 እና በ2007 ዊምብልደንን አሸንፋለች።

ለኢትዮጵያ ተጫዋቾች ሌላ ጉዳይ ይጨመራል፤ ከፍታ። የቴኒስ ሕግ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,219 ሜትር ሲያልፍ ለከፍታ ቦታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። የይፋት ቆላዋ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከዚህ መስመር ብዙም አትርቅም። ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር የሚወጣው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ የአየሩም ግፊት ከሸዋ ሮቢቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ሆና በሁለቱ መካከል ትገኛለች። አየሩ ሲሳሳ ኳሱን የሚይዘው ኃይል ይቀንሳል፤ ሰርቪስ ይፈጥናል፣ ቆላ ላይ መስመር ውስጥ የሚያርፈው ሎብ ያልፋል፣ የተሽከረከረ ኳስም እንደሚጠበቀው ፈጥኖ ወደ መሬት አይጎነበስም።

ይህ ለጥንድ የሚያመጣው ለውጥ ግልጽ ነው። ደጋ ላይ ሰርቪስ ተቀባይዋ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች፤ መረቡ ላይ የቆመች ጓደኛዋም ለመመለስ ጊዜ እንድታገኝ አንድ እርምጃ ትሸሻለች። ከሎብ ይልቅ ወደ ተጋጣሚ እግር ዝቅ ያለ ኳስ ይመረጣል፤ ይህም ኳስ በአብዛኛው የሚላከው መረቡ ዝቅ ባለበት መሃል ነው። ደጋ ላይ የሠለጠነ ጥንድ ቆላ ሲወርድ በተቃራኒው ኳሱ ይዘገይበታል፤ መረቡ ላይ ያለችው ቀድማ አቋርጣ የለቀቀችውን ጎን ለተቀባይዋ ክፍት ታደርጋለች። ስለዚህ ከፍታው ወደተለየ ቦታ የሚሄድ ጥንድ ከውድድሩ በፊት ሰርቪስና ሎብ ደጋግሞ ሞክሮ፣ በመቆሚያ ርቀቱና በማቋረጫ ጊዜው ላይ እንደገና መስማማት ይኖርበታል።