“መስመር እየሳለ ሙዚቃ ሠራሁ ይላል”

ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ፣ ኮምፒውተር ላይ አንዲት የተሰባበረች መስመር ወደ ላይና ወደ ታች ሲጎትት አይተው ያውቃሉ? መስመሯ የተራራ ጎን ትመስላለች። ሽቅብ ትወጣለች፣ ጥቂት ትወርዳለች፣ ሜዳ ለሜዳ ትሄዳለች፣ ከዚያ ቁልቁል ትንሸራተታለች። “ምን እየሠራህ ነው?” ሲሉት “ሙዚቃ” ይላል። ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ እንዲህ ያለች መስመር ናት፤ ደነባ በሚገኘው የወንድሜ ቤት ጭቅጭቅ አስነስታለችና።

መስመሯን የሙዚቃ ባለሙያዎች “ኤንቨሎፕ” ይሏታል። የደብዳቤ ፖስታ እንዳይመስላችሁ። አንድ ድምፅ ከተወለደበት ቅጽበት ጀምሮ እስኪጠፋ ድረስ ጉልበቱ እንዴት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ የምታሳይ ናት። ድምፁ ከዝምታ ተነስቶ ጣሪያ እስኪነካ የሚፈጅበት ጊዜ “አታክ” ይባላል። ከጣሪያው ረገብ የሚልበት “ዲኬይ”፣ ጣት ከቁልፉ እስኪነሳ ድረስ የሚጸናበት ከፍታ “ሰስቴይን”፣ ጣት ከተነሳ በኋላ እየከሰመ የሚሄድበት ጊዜ ደግሞ “ሪሊዝ” ነው።

ስሙ የፈረንጅ ይሁን እንጂ ነገሩን የምናውቀው ነው። የክራር ጅማት ሲመታ ድምፁ በቅጽበት ይወጣል፣ ወዲያው መክሰም ይጀምራል፤ የሚጸናበት ሜዳ የለውም። ማሲንቆ ግን ደጋኑ ጭራውን ቀስ ብሎ ይይዘዋል፣ ድምፁ ያብጣል፣ እጅ እስከተንቀሳቀሰ ድረስም ይዘልቃል። ዋሽንት የትንፋሽ ጉዳይ ነው። ዓይናችንን ጨፍነን አንዱን ከሌላው የምንለየው በአብዛኛው በዚህ አነሳስና አከሳሰም ነው። ፒየር ሼፈር የተባለው ፈረንሳዊ በ1940ዎቹ መጨረሻ የደወል ድምፅ ቀርጾ የምቱን መነሻ ቆርጦ ቢጥለው፣ የቀረው ደወል መምሰሉ ቀርቶ የትንፋሽ መሣሪያ መሰለ። የመነሻዋ ብልጭታ ይህን ያህል ትወስናለች።

ይህን የድምፅ ቅርጽ በማሽን ለመሥራት መንገዱን ካቃኑት አንዱ ቭላድሚር ኡሳቼቭስኪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮበርት ሙግ ለተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ አራቱን ክፍሎች የሚቆጣጠር መሣሪያ እንዲሠራለት ዝርዝሩን ሰጠው። ኡሳቼቭስኪ ይሠራበት በነበረው የኒውዮርክ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሃሊም ኤል-ዳብ የሚባል ግብጻዊም ሠርቷል። (እዚህ ላይ አዲስ አበባ ያደጉ አያቶች ጆሯቸውን ይቀስራሉ።) ኤል-ዳብ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረና እ.ኤ.አ. በ1963 ማሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናንና ዋሽንትን አንድ መድረክ ላይ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተ ሰው ነው።

ከእኛው ሰሜን ሸዋ ደግሞ ኃይሉ መርጊያ አለ። የደብረ ብርሃን ተወላጅ ነው፤ በዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ሲጫወት ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻው በቀረጸው ካሴት አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሐደ። ከዚያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አወቀው። ታዲያ በእሱ ዘመን የሙግ መሣሪያ ላይ ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረም። ያለው የሚዞር ቁልፍና በዙሪያው የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። ተጫዋቹ ቁልፉን ያዞራል፣ ያዳምጣል፣ ደግሞ ያዞራል። መስመሯ የምትሳለው አእምሮው ውስጥ ነበር።

ዛሬ የሲንተሳይዘሩ ሥራ በኮምፒውተር ፕሮግራም ይከናወናል፤ መስመሯም ስክሪን ላይ ወጥታለች። በጣት ትጎተታለች፣ ትጎብጣለች። ድምፁ ሲሰማ አንዲት ነጥብ በመስመሯ ላይ እየሮጠች “አሁን እዚህ ደርሷል” ትላለች። በእኔ ግምት ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም። የሚሰማውን ነገር ቦታ ያሳየዋል፣ የትኛውን ቢነካ ምን እንደሚለወጥ በአንድ ቀን ይገባዋል። ድሮ ወር ይፈጅ የነበረ ነው።

ወደ ደነባው ቤት ልመለስ። የወንድሜ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ወንድሜ ላፕቶፑን ከፈተናው በፊት ሊሸጠው ቆርጦ ነበር፤ “መስመር እየሳለ ሙዚቃ ሠራሁ ይላል” አለኝ። ባለፈው ስሄድ ልጁ በፕሮግራሙ የሠራውን ማሲንቆ አሰማን። መስመሯ ስክሪኑ ላይ ስትታይ እንከን የላትም፤ ተለሳልሳ ትወጣለች፣ ሜዳው ላይ ትዘልቃለች። ጥግ ላይ ጥጥ ትፈትል የነበረችው እናቴ ግን ስክሪኑን ዞር ብላም አላየችው።

“ይሄ ምኑ ማሲንቆ ነው? ሲነሳ በር ያንኳኳል፣ ሲያበቃ በቢላ ይቆረጣል” አለች።

“እማማ፣ መስመሩን እዪው እንጂ፣ ልክ ነው እኮ።”

“እኔ መስመር ምን ያደርግልኛል? ማሲንቆ ይጎተታል እንጂ አያንኳኳም ልጄ።”

ከአራቱ ክፍሎች ሁለቱን፣ አታኩንና ሪሊዙን፣ ስማቸውን ሳታውቅ ነቅሳ አወጣች። ልጁ ቁጥሩን ሲያይ አታኩ 5 ሚሊ ሰከንድ ነው። 90 ሲያደርገውና ሪሊዙን ሲያስረዝመው እናቴ እንዝርቷን አቁማ “አሁን ወደ ሰው ቀረበ” አለች።

ሥዕሉ ለምን አላሳየውም? ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ የሚያሳየውም 8 ሰከንድ ነው እንበል። 90 ሚሊ ሰከንድ እዚያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ትይዛለች፤ 5 ሚሊ ሰከንድማ ከፀጉር ውፍረት አትበልጥም። ጆሮ በግልጽ የሚለየውን ዓይን ሊያየው አይችልም። ልጁ ትልቁንና ለዓይን የሚሞላውን ክፍል ሲያስተካክል ውሎ፣ ድምፁን ማሲንቆ የምታሰኘዋ ጠባብ መነሻ አመለጠችው። ጥሩ ፕሮግራሞች ለዚህ ማጉያ አላቸው፤ ይጠቀምበት። ሁለተኛው ማሳሳቻ ሜዳው ነው። ሰስቴይን የከፍታ እንጂ የጊዜ ልክ አይደለም፤ ርዝመቱን የሚወስነው ቁልፉን የተጫነው ጣት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ግን የሆነ ርዝመት ሰጥተው ይስሉታል፣ ጀማሪውም ድምፁ ያን ያህል ብቻ የሚቆይ ይመስለዋል። ከዚህ ሌላ የክራር ጅማት መጀመሪያ ቶሎ፣ ኋላ ቀስ ብሎ ይከስማል። ስለዚህ ቀጥ ያለችው ቁልቁለት ለዓይን ብታምርም ለጆሮ ትሰነካከላለች፤ መስመሯን ማጉበጥ ያስፈልጋል።

ወንድሜ የእናቱን ነገር ሰምቶ ሽያጩን ተወው። ላፕቶፑ እስከ ፈተናው ድረስ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ እንዲከፈት፣ ያውም አያትየው ባለችበት እንዲሆን ተስማሙ። ልጁ በሁለተኛው ነጥብ ብዙም አልተደሰተም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፣ መስመሯን ከሠራ በኋላ ስክሪኑን በደብተር ሸፍኖ እንዲያሰማችሁ ጠይቁት። ማሲንቆ፣ ክራር ወይም ዋሽንት እየሰማ ያደገ ሰው ካለ አጠገቡ ይቀመጥ። ለፕሮግራም ብላችሁ ብዙ ገንዘብ አታውጡ፤ ቫይታል የተባለው ነፃ ቅጂ አለው፣ ሰርጅ ደግሞ ጭራሽ በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ቫይታል መስመሯን በሥዕል ያሳያል። ገንዘብ ካላችሁ ሽቦ ያለው ማዳመጫ ግዙለት። በብሉቱዝ የሚሠራው ድምፁን ስለሚያዘገየው፣ ነጥቧ መስመሯን ጨርሳ ልጁ ገና መነሻውን እየሰማ ሊሆን ይችላል።