ስፖርተኛን የሚመግብ ሙያ

በድሬዳዋ ከተማ ታይዋን የሚባል ገበያ አለ፤ ከባሕር ማዶ በሚመጣ ልብስና በኤሌክትሪክ ዕቃ ስሙ የታወቀ ነው። ሩጫ ወይም እግር ኳስ የጀመረ ወጣት በእንደዚህ ያለ ገበያ ሲያልፍ፣ በባዕድ ፊደል የተጻፈበትንና ጡንቻው ያበጠ ሰው የተሳለበትን የዱቄት ቆርቆሮ ቢያይ ልቡ መሳቡ አይቀርም። ይልቁንም ዐቢይ ጾም ሲገባ «ጾመህ እንዴት ትሮጣለህ?» የሚሉት ባልንጀሮች ከበዙ፣ ከጾሙና ከስፖርቱ አንዱን መተው ያለበት ይመስለዋል። ለዚህ ወጣት እውነቱን መንገር የሚገባው የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያ ነው። ልጆቻችሁ ሊማሩት የሚገባ ሙያ ስለ ሆነ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት እንጽፋለን።

በአገራችን የምግብ ጥናት ብዙ የደከመው ለሕፃናት ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት በስዊድን እርዳታ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ተቋቁሞ ነበር፤ ፋፋ የተባለው ዱቄትም ከዚያ ሥራ የተገኘ ነው። በዚያው ዘመን አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ሆኖት ነበር። አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነንና ሐኪሞቹ አብረውት ደክመዋል። ዛሬ በዓለም ላይ ከአሠልጣኙና ከሐኪሙ ጎን የምግብ ዐዋቂው ሦስተኛ ሆኖ ይቆማል።

የዚህ ባለሙያ ሥራ ምንድን ነው ቢባል፣ አስቀድሞ መመዘንና መቁጠር ነው። ብርቱ ልምምድ የሚያደርግ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.2 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ እንግዲህ 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ከ72 እስከ 120 ግራም ማግኘት አለበት ማለት ነው። መቶ ግራም ደረቅ ሽምብራ ወደ 20 ግራም ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላውና ለውዙ በሚገባ ተደልድለው ከቀረቡ ጾመኛው ቆርቆሮ የሚሻበት ምክንያት ጥቂት ነው። ለሯጭ ዋናው ጉልበት ደግሞ የሚገኘው ከእህል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በታወቁ ኢትዮጵያውያን ሯጮች ላይ የታተመ ጥናት ከምግባቸው ጉልበት ከመቶ 64 ያህሉ ከካርቦሃይድሬት እንደሚመጣ አሳይቷል።

ነገር ግን ባለሙያው ጾም ምንም ችግር የለውም ብሎ አይሸነግልም። ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት የሚቀበለው ከሥጋው ባነሰ መጠን ነው፤ ስለዚህ ከምስሩ ጋር ሎሚ ወይም ቃሪያ እንዲበላ፣ ቡናና ሻይ ደግሞ ከማዕድ ራቅ ብለው እንዲጠጡ ይመክራል። ቫይታሚን ቢ12 በአትክልት ውስጥ አይገኝምና፣ በፍስክ ወራት እንቁላልና ወተት እንዳይጓደል፣ ደም መመርመርም እንዳይቀር ያሳስባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾመው ከባዱን ልምምድ ወደ ማታ፣ ወደ ማዕዱ ሰዓት እንዲያስጠጉለት ከአሠልጣኙ ጋር ይማከራል። ለታመመ ወይም ለደከመ ሰው የጾሙን ነገር የሚወስነው ግን የንስሐ አባት እንጂ የምግብ ዐዋቂው አይደለም፤ የሙያውን ወሰን ማወቅም ከሙያው አንዱ ክፍል ነው።

እናቶች ይህን ልብ እንዲሉ እንለምናለን። ብዙ እየሮጠች ጥቂት የምትበላ ልጃገረድ የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ አጥንቷም ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህ የጥንካሬ ምልክት ሳይሆን የረኀብ ምልክት ነውና በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ከደጋው የሚመጣ ስፖርተኛ ላቡ ይበዛበታል። ባለሙያው ከልምምድ በፊትና በኋላ ይመዝነዋል፤ አንድ ኪሎ ከቀነሰ አንድ ሊትር ያህል ውኃ ወጥቷል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ሚዛን ብቻ ይበቃል።

ስለ ቆርቆሮው ግን የሚበልጥ ጥንቃቄ ያሻል። ከእነዚህ ዱቄቶች አንዳንዶቹ በላያቸው ያልተጻፈ የተከለከለ መድኃኒት ይገኝባቸዋል። በዓለም አቀፉ ሕግ ደግሞ በስፖርተኛው ሰውነት ውስጥ ለተገኘው ነገር ኃላፊው ራሱ ነው፤ «ሳላውቅ ወሰድሁት» ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣውም። በአንድ ቆርቆሮ ምክንያት የብዙ ዓመት ድካም ከንቱ ሊቀር ይችላል።

ይህን ሙያ የሚወድ ተማሪ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ይበርታ። በጅማ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ምግብ ትምህርት ይሰጣል፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም ሁለት ዓመት የሚፈጅ የስፖርት ሥነ ምግብ ትምህርት በርቀት ያስተምራል። ይሁን እንጂ ዲፕሎማ ብቻውን እንጀራ አያበላም። ደንበኛ እስኪበዛ ድረስ በሆስፒታል ወይም በማስተማር እየሠሩ፣ በአቅራቢያ ያለን የወጣቶች ቡድን በትጋት እያገለገሉ መታወቅ ይሻላል። ከምክሩ ጋር ቆርቆሮ የሚሸጥ ባለሙያ ታማኝነቱን ለትርፉ ይሸጣልና ከዚህ መራቅ ይገባል።

የውጭ አገር መጻሕፍት ስለ አጃና ስለ እርጎ ብዙ ጽፈዋል፤ የሽሮውን ድስት፣ የረቡዕና የዓርቡን ሥርዓት ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ግን ከእኛው ቤት መውጣት አለበት። በታይዋን ገበያ ቆርቆሮውን አንሥቶ የሚያመነታው ወጣት የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።