ከቀረጥ ነጻ መሆን ከምርመራ ነጻ መሆን እንዳይደለ

በኮንቴይነር ከጅቡቲ ከሚመጣው ዕቃ ብዙው በሞጆ ደረቅ ወደብ ይራገፋል። ዕቃው ምግብ የሆነ እንደ ሆነ ሁለት ጥያቄ ይነሣበታል፤ የፊተኛው የቀረጥ፣ የኋለኛው የጤና ነው። የፊተኛው በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006፣ የኋለኛው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተደንግጓል። ስለዚህ ከቀረጥ ነጻ ለሆነ ሱቅ የመጣ ምግብ ከክፍያው ቢድን ከምርመራው አይድንም። መንግሥት ቀረጡን ሊምር ይችላል፤ የተበላሸ ምግብ ግን የበላውን አይምርም።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንትና መጋዘን የሚያከራዩ ባለቤቶች ይህን ይመልከቱ፤ የመጠቀሚያው ቀን ያለፈ ወይም የተፋቀ እንደ ሆነ፣ ቆርቆሮው ያበጠ እንደ ሆነ፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ በገበያ የተገኘ እንደ ሆነ። ባበጠ ቆርቆሮ ውስጥ የሚገድል መርዝ ሊኖር ይችላልና ከፍቶ መቅመስ ከቶ አይገባም። ዕቃውን ለይቶ አኑሮ ለተቆጣጣሪው ፈጥኖ ማስታወቅ ይገባል።