በአንድ ኖታ ሦስት ድምፅ

ፒያኖ፣ ትራምፔትና አልቶ ሳክስፎን ለሚጫወቱ ሦስት ሙዚቀኞች አንድ ዓይነት ወረቀት ስጧቸውና የተጻፈውን «ሲ» አብረው ያሰሙ። ከፒያኖው ሲ ይወጣል፤ ከትራምፔቱ ቢ ፍላት፣ ከአልቶው ደግሞ ኢ ፍላት። ማንም አልተሳሳተም፤ መሣሪያዎቹም ደህና ተቃኝተዋል።

ሁሉም የሚስማሙበት የጋራ መለኪያ ኮንሰርት ፒች ይባላል። መነሻው በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበው «ኤ» ነው። ቁጥሩ የሰው ስምምነት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ፈረንሳይ በ1859 እ.ኤ.አ. 435 ብላ በሕግ ወስና ነበር። 440 የጸናው በ1939 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ከተካሄደው ጉባኤ ወዲህ ነው። ፒያኖ፣ ቫዮሊን፣ ፍሉትና ትሮምቦን ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ኖታ እንዳለ ያሰማሉ።

ሌሎቹ ለምን አያሰሙም? መልሱ ጣት ላይ ነው። አዶልፍ ሳክስ በ1846 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ሳክስፎን ብቻውን አልመጣም፤ ከትንሹ ሶፕራኖ እስከ ግዙፉ ባሪቶንና ከዚያም በላይ ቤተሰብ ነው። አልቶና ቴነር ላይ ጣቶቹ አንድ ዓይነት ቁልፎችን ይዘጋሉ። የቴነሩ ቱቦ ግን ስለሚረዝም ድምፁ ይወርዳል። ኖታው ድምፁን ተከትሎ ቢጻፍ ኖሮ፣ መሣሪያ የለወጠ ሁሉ የጣት አያያዙን እንደ አዲስ መማር ነበረበት። ስለዚህ የኖታው ስም ጣትን ተከተለ፤ የልዩነቱን ሸክም ኖታ ጸሐፊው ተሸከመ። እኔ ይህን ትልቅ ብልሃት እለዋለሁ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለትራምፔት፣ ለክላርኔትና ለቴነር ከፒያኖው አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርገው ይጽፋሉ፤ ቴነር በተጨማሪ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ይሰማል። ለአልቶ ደግሞ ሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለውን ስም ይወስዳሉ። በትዝታ እንየው፦ ፒያኖው ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ሲል፣ ቴነሩ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ ያነባል፤ አልቶው ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ። በኖታዎቹ መካከል ያለው ርቀት ስላልተነካ ትዝታው ትዝታ ነው።

ለእኛ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. አርመናውያኑ «አርባ ልጆች» በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት አዲስ አበባ ውስጥ የነሐስ መሣሪያ መጫወት ከጀመሩ ወዲህ ትንፋሽ ከቅኝቶቻችን ጋር ተዋውቋል፤ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን አሰምቶናል። ክራር ለዘፋኙ ጉሮሮ ይቃኛል። ሳክስፎን ግን ቱቦው አይለወጥለትም። ዘፋኟ ከሲ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይበልልኝ ካለች፣ ክራረኛው ጅማቱን ያላላል፤ ቴነር ተጫዋቹ ዲ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ፍላትን በጣቱ መፈለግ አለበት። ነፊዎች ኮንሰርት ቢ ፍላትንና ኢ ፍላትን የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ለቴነሩ ሲ እና ኤፍ ሆነው ይመጡለታል።

ለባንድ ኖታ የምትጽፉ፣ ከወረቀቱ አናት ላይ የመሣሪያውን ስምና ቁልፉን አስፍሩ። ልምምድ ላይም «ኢ ፍላት» ብቻ አትበሉ፤ ኮንሰርት ይሁን የነፊው፣ ለይታችሁ ተናገሩ።