ለሠራተኛው ያልተለካ ኮምፒውተርና የአንገት ሕመም

በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኙ አንዲት ገንዘብ ያዥ ወደ ምርመራ ክፍሌ ሲመጡ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። ሕመሙ ያው ነው፤ አንገታቸውን በግራ በኩል ይይዛቸዋል፣ ትከሻቸው ይከብዳል፣ ማታ ማታ ራሳቸውን ያማቸዋል። በዚህኛው ግን አንድ ነገር ተጨምሯል፤ ጨጓራቸውን ያቃጥላቸዋል። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም። ሁለት ጊዜ ዳይክሎፌናክ ያዘዝኩላቸው እኔው ነኝ። ሲብስባቸው ደግሞ ራሳቸው ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ጨምረውበታል። እንዲህ ያሉ ማስታገሻዎች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ አልፎ ተርፎም ሊያደሙ ይችላሉ።

አስቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኩት ያን ቀን ነው፤ «ሥራ ላይ እንዴት ነው የሚቀመጡት?»

«ዶክተርዬ፣ በመዝገብ ስንሠራ እኮ ደህና ነበርኩ» አሉኝ።

መሥሪያ ቤታቸው ኮምፒውተር ያስገባው ከዓመት በፊት ነው። የደንበኛ መስኮቱ ግን ለመዝገብ የተሠራው የድሮው ነው። ስክሪኑ ደንበኛውን እንዳይጋርድ በግራ ጥግ ተደረገ፤ ከፍ እንዲልም ሦስት ሪም ወረቀት ከሥሩ ገባ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ወደ ግራ አዙረው ይውላሉ። በዚያ ላይ መነጽራቸው ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለቅርብ የሚያገለግል ባለ ሁለት ክፍል ነው። ስክሪኑን በታችኛው መስታወት ለማንበብ አገጫቸውን ወደ ላይ ማንሳት ግድ ሆነባቸው። የሰው ጭንቅላት ከአራት ኪሎ በላይ ይመዝናል። ያን ያህል ክብደት ዞሮና ቀና ብሎ ሲውል የአንገት ጡንቻ ባያምም ነው የሚገርመው።

ሪሙን ያስቀመጠው ባለሙያ ክፉ አላሰበም። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ጋር ትይዩ ይሁን የሚለው ምክር ለብዙ ሰው ትክክል ነው። እንዲህ ያለ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ግን ስክሪኑ ዝቅ ማለት አለበት። ይህን የሚያውቀው ተጠቃሚውን ያየና የጠየቀ ብቻ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካው ቢ-17 አውሮፕላን አብራሪዎች በሰላም ካረፉ በኋላ የክንፉን ፍላፕ የሚመልሱ መስሏቸው ጎማውን እያጠፉ አውሮፕላኑን በሆዱ ያስተኙት ነበር። በ1943 እ.ኤ.አ. አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጉዳዩን ሲመረምር፣ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡና አንድ ዓይነት ሆነው አገኛቸው። አንደኛው ላይ የጎማ፣ ሌላኛው ላይ የክንፍ ቅርጽ ያለው ነገር እንዲገጠም አደረገ፤ በጨለማም በዳሰሳ ይለያሉ። አብራሪዎቹን «ተጠንቀቁ» እያሉ ከመገሠጽ ይህ ይሻል ነበር።

እኔም ብሆን ክፍሌ ውስጥ ኮምፒውተሩ በተቀመጠበት አኳኋን ለታካሚው ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምጽፈው።

ስክሪን በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ፊት ለፊት፣ የክንድ ርዝመት ያህል ርቆ ይቀመጥ። ስንጽፍ ትከሻችን አይነሳ፤ ክርናችን ከጎናችን ተጠግቶ በግምት ዘጠና ዲግሪ ይታጠፍ። ወንበሩ ከፍ ብሎ እግር ከተንጠለጠለ ከሥር ሳጥን ማድረግ ይበቃል። የላፕቶፕ ስክሪንና ኪቦርድ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲስማማ ሌላው አይስማማም፤ ሙሉ ቀን የሚሠራበት ሰው ለብቻው ኪቦርድ ቢጨምር ይጠቀማል። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምንጨፍነው ከወትሮው ባነሰ ቁጥር ነው፤ የሚያቃጥለንም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በየ20 ደቂቃው ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለን ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት ያሳርፋል። ወንበሩ የቱንም ያህል ምቹ ቢሆን በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ መንቀሳቀስ ግን አይቀርም።

ለኃላፊዎችም የምለው አለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ሃያ መስኮት ላይ ኮምፒውተር ከመግጠም በፊት አንዱ ላይ ገጥሞ ሁለት ሳምንት ማሠራትና የተቀመጠበትን ሰው መጠየቅ ምንም ያህል ወጪ የለውም። ጠረጴዛውና ወንበሩ ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ በጀት ይታሰቡ።

ሁሉም የአንገት ሕመም ግን ከወንበር አይመጣም። ሕመሙ ወደ ክንድ ከወረደ፣ እጅ ከደነዘዘ ወይም ዕቃ መጣል ካመጣ፣ ከትኩሳት ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። አረማመድ ከተናጋ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም ሕመሙ የጀመረው ከአደጋ በኋላ ከሆነ በዚያኑ ዕለት። ሌሊት አውራ ጣትን፣ ጠቋሚንና መሐል ጣትን እየደነዘዘ የሚቀሰቅስ ሕመም ደግሞ የእጅ አንጓ ላይ ነርቭ መጨቆኑን ሊያመለክት ይችላል። ሰገራ እንደ ሬንጅ የጠቆረበት ማስታገሻ ወሳጅ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ።

ገንዘብ ያዧን ዳይክሎፌናኩን አስቁሜ ለጨጓራቸው መድኃኒት ሰጠኋቸው፤ ለአለቃቸውም አጭር ደብዳቤ ጻፍኩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ስክሪኑ ፊት ለፊታቸው ሆኗል፤ ደንበኛውን በላዩ አሻግረው ያዩታል። ወር መጨረሻ ሥራ ሲበዛ አሁንም ትንሽ ይይዛቸዋል። ሦስቱን ሪም የት እንዳደረሱት ስጠይቃቸው ሳቁ። አጠገባቸው የሚሠራው ረጅሙ ልጅ መነጽር ስለማያደርግ ለእሱ ስክሪን ወስዶታል።