የፆታ ማንነትና ከፆታ ጋር የተያያዘ ጭንቀት

የፆታ ማንነት አንድ ሰው ስለ ፆታው በውስጡ ያለው ግንዛቤ ነው። ከፆታ ጋር የተያያዘ ጭንቀት ግን ይህ ግንዛቤ በልደት ከተሰጠው ፆታ ጋር ሳይጣጣም ሲቀር የሚደርስ ሥቃይ ነው። አለመጣጣሙ ያለበት ሁሉ አይጨነቅም።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. «የፆታ ማንነት መታወክ» የሚለውን ስያሜ በ«ጄንደር ዲስፎሪያ» የተካው፣ ሕክምና የሚሻው ጭንቀቱ እንጂ ማንነቱ አለመሆኑን ለማመልከት ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም አለመጣጣሙን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል።

ልዩነቱ ለጨፋ ሸለቆ መምህራንም ይጠቅማል። በከሚሴና በአካባቢዋ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ይነገራሉ። አፋን ኦሮሞ ወንዱንም ሴቷንም «አቲ» ሲል፣ አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ»፣ «ና» እና «ነይ» እያለ ይለያል። በመሆኑም በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ጥሪ ፆታን ያነሣል፤ ለሚጨነቅ ተማሪም ሸክም ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ከአለባበስ፣ ከጨዋታ ወይም ከዝምታ ተነሥቶ የተማሪን ማንነት መወሰን አይቻልም፤ ዝምታ ሌላ ምክንያትም ይኖረዋል። የመምህሩ ድርሻ ስም ማውጣት ሳይሆን ፌዝን ማስቆም፣ ተማሪውን ለብቻው ማዳመጥና ምስጢሩን መጠበቅ ነው። ምስጢሩ የወጣበት ተማሪ ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ደኅንነቱንም ሊያጣ ይችላልና።